ራጁ ከመነሳቱ በፊት አፋችን ይታይ

ለደቡብ ኦሞ ዞን ጤና መምሪያ
ጂንካ

ጉዳዩ፦ በጥርስ ምርመራ ላይ ስለሚነሳ ራጅ

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከካኮ ነው። ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር የሚሄድ መኪና በመካከሏ ያልፋል፤ ሰኞ ሰኞ የበና ሰው ከየአቅጣጫው ለገበያ ሲመጣ ደግሞ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፋት። እኔ እዚሁ አስተምራለሁ። የምጽፈው ስለ ጥርስ ራጅ ነው። የዞኑን ጤና የሚያስጨንቀው ነገር ብዙ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ ጂንካ ውስጥ መገኘቱ ሲታወጅ እኛም እዚህ ሆነን የእጅ ሰላምታ ትተን ከርመናል። ወባውም አለ፣ የእናቶች ወሊዱም አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ጥርስ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን የምጠይቀው ነገር ብዙ ብር አያስወጣም። አብዛኛው በወረቀት የሚወጣ የአሠራር ሥርዓት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ደግሞ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ቢጻፍ ይሻላል። ከተገዛ በኋላ ልማዱ ቀድሞ ይገባና የሚያወጣው አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን የጥርስ ራጅ በሁለት በኩል ይበላሻል። ማሽኑ ባለበት ቦታ የሰው አፍ ሳይታይ ሁሉም ይነሳል። በሌለበት ቦታ መነሳት የነበረበት ሰው ሳይነሳ ጥርሱ ይነቀላል። የመጀመሪያውን አዲስ አበባ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ገጠር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ እናንተ የምጽፈው ሁለተኛውን ለማስቀረት ስትነሱ የመጀመሪያውን ይዛችሁብን እንዳትመጡ ነው።

ባለፈው ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ገብቼ ሳለ ጥርሴን ላሳጥብ ብዬ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ካርድ ያወጣችልኝ ልጅ ብሩን ተቀብላ ስታበቃ በእስክሪብቶዋ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አመለከተችኝ፤ «መጀመሪያ ራጅ ይነሱ።» «ኧረ እኔ ላሳጥብ ነው የመጣሁት» ብላት «ሁሉም ሰው ይነሳል» አለችኝ፣ ዞር ብላ ቀጣዩን ጠራች። መነጽሬንና የአንገቴን መስቀል አወለቅኩ፤ ፕላስቲክ የተጠለቀላትን ትንሽ ዘንግ በፊት ጥርሴ ነክሼ፣ አገጬን መደገፊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ የማሽኑ ክንድ ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው ዞረ። ሐኪሙ ክፍል ስገባ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ሁለት ጥርሴ እንደተቦረቦረ፣ የመጨረሻው መንጋጋዬም እንደተጋደመ የነገረኝ አፌን ገና ሳልከፍትለት ነው። ምስሉን በስልኬ ላኩልኝ ስል «እኛ ጋ ይቀመጣል» ተባልኩ።

ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እጁም ቀላል ነው። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቷል፤ ዋጋውን መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ካርድ ያወጣ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ነገሩ ልማድ ሲሆን ነው። «ሁሉም ሰው ይነሳል» የሚል አሠራር አንድ ጊዜ ከተተከለ ተማሪው ሐኪም ከዚያ ይማረዋል፣ ሲመደብ ይዞት ጂንካ ይመጣል።

የጥርስ ራጅ ብለን በአንድ ስም ብንጠራውም ዓይነቱ የተለያየ ነው። አንዷ ትንሿ ናት። ፊልሟ ወይም ሴንሰሯ የሁለት ጣት ስፋት ቢኖራት ነው፤ አፍ ውስጥ ትገባና ሦስት አራት ጥርስ ከአናቱ እስከ ሥሩ ጫፍ፣ ዙሪያውን ካለው አጥንት ጋር ታሳያለች። ሕመምተኛው ነክሶ የሚይዛት አነሳስም አለች፤ የላይና የታች መንጋጋ ጥርሶችን አናት በአንድ ጊዜ ታወጣለች። በሁለት ጥርስ መገናኛ ተደብቆ የሚሄድን መቦርቦር ለማግኘት ከእሷ የሚሻል መንገድ እምብዛም የለም፤ የሐኪሙ መስታወት እዚያ አይደርስም። እኔ አዲስ አበባ የተነሳሁት ፓኖራማ የሚሉትን ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ፊልም ወይም ሴንሰር የለውም፤ ሁለቱንም መንጋጋ ከጆሮ እስከ ጆሮ ዘርግቶ ያሳያል። ለተሰበረ መንጋጋ፣ አጥንት ውስጥ ላበጠ ነገር፣ ለተጋደመ ጥርስ ጥሩ ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ላለች ትንሽ ቀዳዳ ግን ምስሉ ይደበዝዛል፤ ትንሿ ትበልጠዋለች። ከእነዚህ ሌላ ኮን ቢም የሚባለው የሲቲ ዓይነት አለ፤ እሱ ለከባድ ቀዶ ሕክምናና ለጥርስ ተከላ እንጂ ለዘወትር ምርመራ የሚሆን አይደለም።

እንግዲህ ጥርሱን ሊያሳጥብ የመጣን ሰው በፓኖራማ ማንሳት ምኑን ለማየት ነው? የሚደማ ድድ በራጅ አይታይም። የምላስ ቁስል አይታይም። ጉንጭ ውስጥ ያለ ነጭ ምልክት፣ ነገ ካንሰር ሊሆን የሚችለው ማለት ነው፣ አይታይም። እነዚህን የሚያገኛቸው መብራት፣ ዓይንና የሚዳስስ ጣት ነው። ራጅ የሚያሳየው የማዕድን መጉደልን ነው፤ ከጥርሱ ማዕድን ሲሶ ያህሉ እስኪያልቅ ድረስ ጥላው ጎልቶ አይወጣም። ትናንት የጀመረ መግልም ከሥሩ ጫፍ ያለውን አጥንት እስኪበላ ቀናት ስለሚፈጅበት ሰውየው በሕመም እየጮኸ ራጁ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ከአፉ በፊት ምስሉን ያየ ሐኪም ያኔ ማንን ሊያምን ነው?

በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ መመሪያው ሁሉም ሰው ይነሳ አይልም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርና የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት መመሪያ ራጅ የሚታዘዘው የሕመምተኛው ታሪክ ከተጠየቀና አፉ ከታየ በኋላ መሆኑን ይናገራል። ጊዜውንም እንደ ሰዉ ይለያየዋል። አዲስ መቦርቦር የሌለበትና ብዙም የማያሰጋው አዋቂ ያቺን ነክሶ የሚነሳትን ከ24 እስከ 36 ወር አንድ ጊዜ ቢነሳ ይበቃዋል። መቦርቦር የሚያጠቃው አዋቂ ከ6 እስከ 18 ወር፣ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር ይባላል። መቦርቦር የጥርስን ውጫዊ ክፍል ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም ዓመታት ወስዶ ነው የሚያልፈው፤ መመሪያው ለደህነኛው ሰው ይህን ያህል ዕረፍት የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የጥርስ ራዲዮግራፊ መመሪያም ሐኪም ሳያይ የሚነሳ ራጅ ተገቢ አይደለም ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ዘመናዊ አሠራር» ተብሎ የሚሸጥልን ነገር ከዘመናዊው መመሪያ ጋር አይገጥምም።

ማስፈራራት እንዳይሆንብኝ ደግሞ ስለ ጨረራው ልናገር። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረራ ከመሬቱ፣ ከሰማዩ፣ ከሚተነፍሰው አየርና ከሚበላው ምግብ ያገኛል። በቀን ሲካፈል 6.6 ማይክሮሲቨርት ገደማ ይመጣል። በወጉ የተስተካከለ ማሽን ላይ አንዲት ትንሽ የጥርስ ራጅ ከዚህ የአንድ ቀን ድርሻ አትበልጥም። ፓኖራማ የጥቂት ቀናት ያህል ነው። ኮን ቢም እንደ ማሽኑና እንደሚነሳው ስፋት ከሳምንት እስከ ወራት ይደርሳል። ከቦሌ ተነስቶ አውሮፓ የሚያርፍ መንገደኛ በሰማይ ላይ የሚያገኘው ከትንሿ ራጅ ይበልጣል። እርጉዝ ናት ተብሎ መግል የያዘ ጥርሷ ሳይታይ የምትመለስ እናትን የሚጎዳት መግሉ እንጂ ራጁ አይደለም፤ ይህን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ብትነግሩልን ደስ ይለኛል።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ምን አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ትንሽ የሚሆነው ማሽኑ ሲለካ ነው። ጨረሩ ከሚፈለገው በላይ ሰፍቶ የሚወጣበት፣ የጊዜ መቆጣጠሪያው የተዛባ አሮጌ ማሽን በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ከዚያም ልጆች አሉ፤ ገና የሚያድግ ሰውነት ለጨረራ ከአዋቂው ይበልጥ ስስ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ብሩ ነው። ከካኮ ተነስቶ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ፍየል ሸጦ ነው የሚሄደው። ለትራንስፖርት፣ ለካርድ፣ ለራጅ ከፍሎ ለመድኃኒቱ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ከሆነ ያ ራጅ ጨረራው ዜሮ ቢሆን እንኳ ጎድቶታል።

የእርሳስ ሽርጡንም ነገር አንሥቼ ልለፍ። ብዙ ሰው ያ ከባድ ሽርጥ ከተደረበለት ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስለዋል። የአሜሪካው ማኅበር በ2024 በጥርስ ራጅ ላይ ሽርጡንም የአንገት መሸፈኛውንም መጠቀም እንዲቀር መክሯል፤ ጥበቃው ያለው ጨረሩን በሚፈለገው ቦታ ብቻ በመወሰን፣ ሕመምተኛውን በትክክል በማስቀመጥና የማያስፈልገውን ባለማንሳት ነው ብሎ። የእኛ ተቆጣጣሪ ሽርጥ ካዘዘ ይደረግ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሽርጥ የተሰቀለበት ክፍል ሁሉ ማሽኑ የተለካበት ክፍል ነው ብሎ የሚያምን ኃላፊ እንዳይኖረን።

ጥንቃቄ የጎደለው ራጅ ዋጋው መጀመሪያ የተከፈለው በሐኪሞቹ ሥጋ ነው። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1895 ነው። ወዲያው በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የገዛ ጥርሱን አነሳ፤ ለአንዲት ምስል 25 ደቂቃ ጨረር ሥር ቆየ። ዛሬ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ደግሞ ኤድመንድ ኬልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ነበረ፤ ራጅን ለጥርስ ሕክምና በማስለመድ ከቀደሙት አንዱ ነው። ማሽኑ መስተካከሉን የሚያረጋግጠው የገዛ እጁን ከጨረሩ ፊት ደቅኖ አጥንቱ ጥርት ብሎ እስኪታየው ድረስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ ያንኑ እጁን ያዘው። ጣቶቹ ተቆረጡ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ክንዱ፤ በ1928 ራሱን አጠፋ። ይህን የማነሳው ወረዳ ላይ ለሚመደበው ልጅ ስል ነው። ሕፃን አልቀመጥ ሲል «እኔ ልያዘው» ብሎ ፊልሙን በጣቱ ደግፎ የሚያነሳ ቅን ባለሙያ አይጠፋም። ፊልም መያዣ ዕቃ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛለት።

አሁን ወደ ካኮ ልመለስ። ምንም ሳያመው ጥርሱን ለማሳየት የሚሄድ ሰው እዚህ አላጋጠመኝም። ሰው መፋቂያውን አፉ ውስጥ ይዞ ይውላል፤ ጥርሱ ነጭ ነው፣ በአብዛኛው ጥሩም ነው። ግን ገበያው ላይ ከማሩና ከእህሉ ጎን ከረሜላና ለስላሳ ከተደረደረ ቆይቷል፤ የተማሪዎቼን አፍ ሳይ ለውጡ ይታየኛል። ሰዉ ወደ ሕክምና የሚሄደው ጉንጩ ሲያብጥ ነው፤ ያኔ የሚጠብቀው መንቀያ ነው። አንድ ጎረቤቴ የታች መንጋጋ ጥርሱ አስጨንቆት ሄዶ ተነቀለለት። አናቱ ወጣ፣ ሁለት ከነበሩት ሥሮች አንዱ ተሰብሮ ቀረ። ያነሳው የለም፤ የነገረው የለም። ድዱ እየዳነ እንደገና ይፈነዳል፣ ትንሽ መግል ያወጣል፣ ደርቆ ደግሞ ይፈነዳል። እሱ መድኃኒት ቤት እየሄደ አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ሁለት ሦስት ቀን ውጦ ሲሻለው የቀረውን ለልጆቹ ያስቀምጣል። በመጨረሻ ሩቅ ከተማ ሄዶ በትንሿ ራጅ ሲታይ አጥንቱ መሀል የጥፍር ስባሪ የምታክል ነጭ ነገር ወጣች፤ ዙሪያዋን ጠቁሯል።

ያቺ ራጅ ጥያቄ ነበራት። ሥሩ ቀርቷል ወይ? የት ጋ ነው? ከታች ከሚያልፈው ነርቭ ምን ያህል ይርቃል? በጣትም በዓይንም የማይመለስ ጥያቄ ስለነበረ ነው የተነሳችው። እኔ አዲስ አበባ የተነሳሁት ጥያቄ አልነበረውም። ከመምሪያው የምፈልገው ይህ ልዩነት በአሠራር መመሪያ ውስጥ እንዲገባ ነው፤ ራጅ የሚያዝ ባለሙያ በካርዱ ላይ ምን ሊያይ እንደሚፈልግ በአንድ መስመር ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለ አያስነሳ።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ የእኛው አገር ብቻ ነው፤ ከውጭ በተቀዳ ቅጽ ላይ አይገኝም። በብዙ የአገራችን ክፍል ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ግግ ነው ይባልና ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥሩ ተኝቶ የነበረው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ይጎዳል። ልጁ አሥር ዓመት አልፎት ክራንቻው ሳይወጣ ሲቀር ቡቃያው መኖር አለመኖሩን የምታሳውቀው ራጅ ናት፤ ይህን ልጅ ማንሳት ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከሰላማጎ የሚመጡ፣ በከንፈራቸው ገል የሚያደርጉ የሙርሲ ሴቶች አሉ። የታች ፊት ጥርሶቻቸው በባህሉ መሠረት የወጡ ናቸው። «አራት ጥርስ ጎድሏል፣ መንጋጋው ይነሳ» የሚል ባለሙያ ብሩንም ጊዜውንም ያባክናል፤ ጠይቆ ቢሆን መልሱን እዚያው ያገኘው ነበር።

መጠየቅ ስል በሚገባ ቋንቋ ማለቴ ነው። የበና ሴት ተሰልፋ ሳለች ሰው ሁሉ እየሰማ በአማርኛ «እርጉዝ ነሽ?» ብትባል ግማሹን ሳትሰማ፣ ግማሹን አፍራ «አይ» ትላለች። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፣ ቢቻል ሴት፣ በሩ ተዘግቶ ትጠይቃት። ለምን እንደምትነሳም ይነገራት። እዚህ አካባቢ ቱሪስት ካሜራ ደቅኖ ፎቶ ሲያነሳን ይከፍለናል፤ ልጆቹ እንኳ ሒሳቡን ያውቁታል። ራጅ ሲሆን ግን ተነሺው ነው ከፋዩ። ከፋይ ደግሞ የሚገዛውን ነገር የማወቅ መብት አለው።

ምናልባት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ የሚዞር፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ የጥርስ ራጅ እንግዛ የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። ለእንደ እኛ ያለ ቦታ መልካም ሐሳብ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የእንግሊዝ የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተርኔት በርካሽ ስለሚሸጥ እንዲህ ያለ ማሽን ሲያስጠነቅቅ ምክንያቱ ውስጡ በቂ የእርሳስ ከለላ አለመኖሩ ነበር። ሕመምተኛው የሚያፈተልከውን ጨረራ የሚያገኘው ለአፍታ ነው፤ ማሽኑን በእጁ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያነሳ የሚውለው ባለሙያ ግን በየቀኑ ይጠጣዋል። በአገራችን በ2009 ዓ.ም. የወጣው የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 የጨረራ ማሽን ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ ፈቃዱና ቁጥጥሩ ዛሬ ያለው በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በዕርዳታ የመጣ፣ ዳያስፖራ ያመጣው፣ በጎ አድራጊ የሰጠው ሁሉ በዚሁ በር ይለፍ። ስጦታ ነው ተብሎ ሳይለካ የሚገባ ማሽን አንፈልግም።

ሌላም ከማርበርግ በኋላ ማንም የማይስቅበት ነገር አለ። ያቺ ትንሿ ሴንሰር ከአፍ ወደ አፍ ናት የምትሄደው። ሙቀት ስለሚያበላሻት አትቀቀልም፤ አውቶክሌቭ ውስጥ አትገባም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ የፕላስቲክ ሽፋን ይጠለቅላትና በመካከሉ በፀረ ተሕዋስያን ትታበሳለች። ሽፋኑ ያለቀ ዕለት ሰልፉ እንዳይበተን ተብሎ ያለ ሽፋን ወይም ባገለገለ ሽፋን ይሠራል፤ ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ማሽን ሲታዘዝ የዓመት ሽፋን አብሮ ይታዘዝ፤ ሲያልቅም ራጁ ይቁም።

ምስሉ የማን ነው የሚለውም አለ። ከእኛ የሚላክ ሕመምተኛ ከጂንካ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭም አዲስ አበባ ይደርሳል። በየደረሰበት «የራሳችንን ራጅ እንፈልጋለን» ይባልና እንደገና ይነሳል፣ እንደገናም ይከፍላል። ግማሹን ጊዜ የቀድሞው ምስል ደህና ነበር፤ እጁ ላይ ግን የለም። ፊልም ከሆነ ደርቆ በፖስታ ይሰጠው፤ ዲጂታል ከሆነ በስልኩ ይላክለት፣ ስልክ ከሌለው በወረቀት ይታተምለት። የተነሳበት ቀንና የጥርሱ ቦታ ይጻፍበት። ይህ አንድ ነገር ብቻ ቢደረግ ከካኮ የሚሄደውን ሰው ከብዙ ወጪ ያድነው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ሰው የአፍና የጥርስ ሕመም እንዳለበት፣ ከአራቱ ሦስቱም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ጽፏል። ከዚያ ቁጥር ውስጥ እኛ አለንበት።

እንግዲህ መምሪያው እንዲህ እንዲያደርግልን እጠይቃለሁ። በዞኑ ውስጥ የሚሠራ የጥርስ ራጅ የት የት እንዳለ፣ ማሽኑ መቼ እንደተለካና ፈቃዱ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው ይለጠፍ፤ የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ለራጁ ይከፍል እንደሆነና እንዳልሆነም ይገለጽ። አፉ ያልታየ፣ ምክንያቱ በካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሰው በመንግሥትም በግልም ተቋም እንዳይነሳ በሰርኩላር ይታዘዝ። ጥርስ ተነቅሎ ሥር የተሰበረበት ሰው ግን ሳይነሳ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ፤ ማሽን ከሌለ ሪፈር ተጽፎለት ይሂድ። ጤና መኮንኖችና ነርሶች አፍን በመብራትና በጣት መመርመርን ከጥርስ ሐኪም ጋር ጥቂት ቀን እንዲለማመዱ ይደረግ፤ በየጤና ጣቢያው ያለው የእጅ ባትሪ ለዚህ ይበቃል።

መልሱን በካኮ ጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት እሑድ ማታ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ሲሰበሰብ ይሁን፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው በበና ቋንቋ ያነብለታል።

ከሰላምታ ጋር
በካኮ የሚያስተምር አንድ መምህር

ግልባጭ፦
ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን
ለበና ፀማይ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቀይ አፈር